ጭነቱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? የሰን ካንትሪ ታሪክና የእኛ አክሲዮን

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። መኪና እየነዳችሁ ያላችሁ ግን ኤርፖርት ተራ መጠበቂያው ጋ እስክትደርሱ አቆዩት።

ሰሞኑን እዚህ ሚኒሶታ ያለን ሾፌሮች የራሳችንን የትራንስፖርት ኩባንያ በአክሲዮን እናቋቁም እያልን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም አለሁበት። እስካሁን ግን በተሰበሰብን ቁጥር የምንከራከረው በስሙ፣ በአርማውና በመኪናው ቀለም ነው። ባለፈው አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «የእኛ ኩባንያ ሰውን የሚያስቀድም ይሆናል» ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። ጭብጨባው ጥሩ ነው። «ሰውን ማስቀደም» በተግባር ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ስለዚህ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለ ታሪክ ላጫውታችሁ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተሳፋሪ ይዘን ወደ ተርሚናል 2 ስንከንፍ ብዙ ጊዜ የምናደርሰው ለማን ነው? ለሰን ካንትሪ። ታሪኩ የእርሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሞት ነው። ብራኒፍ ኢንተርናሽናል የሚባል፣ መቀመጫው ቴክሳስ የሆነ ትልቅ አየር መንገድ ነበር። አውሮፕላኖቹን በደማቅ ቀለማት የሚቀባ፣ አስተናጋጆቹን በዲዛይነር ልብስ የሚያለብስ፣ በዘመኑ ሽቅርቅር የሚባል ድርጅት ነው። በ1978 የአሜሪካ መንግሥት የአየር መንገዶችን ገበያ ክፍት ሲያደርግ ብራኒፍ በአንድ ጊዜ ብዙ አዳዲስ መስመሮች ከፈተ። ነዳጅ ተወደደ፣ ወለድ ጨመረ፣ ዕዳው ከበደ። ግንቦት 12 ቀን 1982 በረራውን በሙሉ አቆመ። በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ቀረ።

ከነዚያ ሰዎች መካከል ኑሯቸው ሚኒያፖሊስ የሆነ አብራሪዎችና አስተናጋጆች ነበሩ። አስቡት፤ በሙያቸው የበሰሉ፣ ልጅ ያላቸው፣ የቤት ዕዳ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። በዚያ ወቅት ሥራ የሚቀጥር አየር መንገድ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም አብራሪ በአዲስ ድርጅት ውስጥ ልምዱ ከዜሮ ነው የሚቆጠረው፤ የሃያ ዓመት ካፒቴን ከወጣቶቹ ኋላ ተሰልፎ ይጀምራል። ይህንን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ይዞ መጥቶ ከታች የጀመረ ሰው በዚህ ገጽ ሞልቷል።

እነርሱ ግን «እኛው ለምን አናቋቁምም?» አሉ። ካፒቴን ጂም ኦልሰን ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ኤም ኤል ቲ የሚባል የዚሁ አገር የጉዞ ድርጅት ደግሞ አጋር ሆነ። የኤም ኤል ቲ ሥራ ቀላል ነው፦ የሚኒሶታ ሰው በጥር ብርድ ሲያንገፈግፈው ፀሐይ ወዳለበት አገር የሚወስደው የዕረፍት ጥቅል መሸጥ። ወንበሩን የሚሞላ ድርጅት ስላለ አየር መንገዱ በየከተማው የትኬት ቢሮ መክፈት አላስፈለገውም። ጥር 20 ቀን 1983 አንዲት ቦይንግ 727 ከሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ ተነሥታ ላስ ቬጋስ አረፈች። የሰን ካንትሪ የመጀመሪያ በረራ ይህ ነው። ድርጅቱ ሥራ ሲጀምር የነበሩት ሰዎች 16 አብራሪዎች፣ 16 አስተናጋጆች፣ 3 መካኒኮችና 1 የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። ድምሩ 36 ሰው፣ አንድ አውሮፕላን።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኔ አገር ቤት ሲቪል መሐንዲስ ነበርኩ። ሰው ሕንፃ ሲያይ ቀለሙንና መስታወቱን ያያል። መሐንዲስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ጭነቱ ከጣሪያው ተነሥቶ በሶሌታው፣ በቢሙ፣ በኮለኑ አድርጎ መሬት እስኪደርስ በየት በየት ያልፋል? የመጨረሻውን ክብደት የሚሸከመው የትኛው ነው? ነፋስ በሌለበት ቀን ማንኛውም ሕንፃ ይቆማል። የንድፉ እውነት የሚታወቀው ነፋስ ሲመጣ ነው።

የኩባንያ ባህልም እንደዚያ ነው ባይ ነኝ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መፈክር ቀለም ነው፤ በዓል ላይ የሚሰጠው ኬክ መስታወት ነው። ባህሉ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ጭነቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ነገር ነው። በ36 ሰው ድርጅት ውስጥ ጭነቱ የት እንደሚያርፍ ሁሉም ያየዋል። አንዲቷ አውሮፕላን ከተበላሸች የሁሉም እንጀራ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ አብራሪው የመካኒኩን ስም ያውቃል፣ አስተናጋጇ ለምን እንደዘገዩ ታውቃለች፣ ቢሮ ያለው አንድ ሰው የሁሉንም ቤት ያውቃል። ያ ፍቅር የመጣው ከሥልጠና ሳይሆን ከአቀማመጡ ነው። ደግሞም ሁሉም አንድ ነገር በዓይናቸው አይተዋል፦ ትልቅ ድርጅት በአንድ ቀን ሊሞት እንደሚችል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ማዶ ያለውን እንይ። በዚያ ዘመን ሚኒያፖሊስ ማለት ኖርዝዌስት ማለት ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢገን፣ ትልቁን ተርሚናል የሚቆጣጠረው እርሱ፣ ወደ ቶኪዮ የሚበረው እርሱ። ሰን ካንትሪ ከጎኑ ሲታይ ከዝሆን ጎን እንዳለ ጥንቸል ነው። ኤም ኤል ቲ ራሱ እንኳ ኋላ ላይ በኖርዝዌስት እጅ ገብቷል።

ታዲያ ግዙፉ ኖርዝዌስት ከሠራተኛው ጋር እንዴት ኖረ? በ1993 ሊከስር አፋፍ ላይ ደረሰ። ሠራተኞቹ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 886 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ደመወዝና ጥቅም ለቀው አዳኑት፤ በምትኩ አክሲዮንና በቦርዱ ውስጥ ወንበር አገኙ። እዚህ ድረስ ልክ ነው፦ ጭነት ተሸከሙ፣ ድርሻ ተሰጣቸው። ቀጥሎ ጥሩ ዘመን መጣ፤ ድርጅቱም አተረፈ። ሠራተኛው «በክፉ ቀን የለቀቅነው አሁን ይመለስልን» ሲል ግን ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። በነሐሴ 1998 አብራሪዎቹ ሥራ አቆሙ፤ አየር መንገዱ ሁለት ሳምንት ያህል መሬት ላይ ዋለ። ነሐሴ 2005 ተራው የመካኒኮቹ ሆነ። ከ4,000 በላይ መካኒኮችና ጽዳት ሠራተኞች አድማ ሲወጡ ድርጅቱ ቀድሞ ያዘጋጃቸውን ተተኪዎች አስገብቶ በረራውን ቀጠለ። ብዙዎቹ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። በዚያው ዓመት መስከረም ኖርዝዌስት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ2006ቱ ነው። ከሥራ ሊቀነሱ ለነበሩ ሠራተኞች ገንዘብ የሚቆጥቡባቸው 101 መንገዶች የሚል ምክር ታደለ። ከምክሮቹ አንዱ የወደዳችሁትን ዕቃ ከቆሻሻ መጣያ ለማውጣት አትፈሩ የሚል ነበር። ነገሩ በዜና ሲወጣ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ምክሩን የጻፈው ሰው ክፉ ነው ብዬ አላምንም፤ ምናልባት ልረዳ ብሎ ይሆናል። ግን እዩት፦ ጭነቱን ሁሉ ከታች ያለው ኮለን ላይ አውርደህ ስታበቃ፣ ለኮለኑ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ትመክረዋለህ። በ2008 ኖርዝዌስት ከዴልታ ጋር ተዋሃደና ስሙ ከሚኒሶታ ሰማይ ጠፋ።

ግን «ትንሽ ሁሉ ጥሩ፣ ትልቅ ሁሉ መጥፎ» ብዬ ልሸኛችሁ አልፈልግም። የሰን ካንትሪም ታሪክ ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ተቀያየረ። በ1999 ከኮንትራት በረራ ወጥቶ መደበኛ በረራ ጀመረና ኖርዝዌስትን ፊት ለፊት ገጠመ። ዋጋ ወረደ፣ ገንዘብ አለቀ። በላዩ ላይ መስከረም 11 ቀን 2001 ተጨመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መደበኛ በረራውን አቆመ፤ በ2002 አዲስ ባለቤቶች ገዝተው አስነሡት። በ2006 ደግሞ ከገዢዎቹ አንዱ ቶም ፒተርስ የሚባል የሚኒሶታ ባለሀብት ሆነ።

መስከረም 2008 ኤፍ ቢ አይ የፒተርስን ቢሮ ፈተሸ። ሰውየው ለዓመታት የአንዱን ገንዘብ ለሌላው እየሰጠ ሲያጭበረብር የኖረ ሆኖ ተገኘ፤ መጠኑ ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ኋላ ላይ 50 ዓመት ተፈረደበት። አየር መንገዱ በማጭበርበሩ ውስጥ አልነበረበትም፤ ግን ክረምቱን ሊሻገርበት ያሰበው ገንዘብ ከዚያ ሰው ይመጣ የነበረ ነው። በአንድ ሌሊት ቧንቧው ተዘጋ። የወቅቱ ሥራ አስኪያጅ ስታን ጋዴክ ሠራተኞቹን የጠየቀው ከባድ ነገር ነው፦ የደመወዛችሁን ግማሽ ለጊዜው አቆዩልን። በጥቅምት መጀመሪያ የኪሳራ ጥበቃ ተጠየቀ።

«ተቆረጠ» አላልኩም፤ «ይቆይ» ነው የተባለው። ልዩነቱ ገብቷችኋል? ደመወዙን የሚያቆይ ሠራተኛ ለኩባንያው ብድር ሰጠ ማለት ነው። ባንክ እምቢ ባለበት ሰዓት፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ወለድ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ አበደረ። ይህ እኛ የምናውቀው ነገር ነው፤ ዕቁብ ነው። ዕቁብ የሚቆመው በወረቀት አይደለም። ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ነገ መክፈሉን አያቆምም የሚል እምነት ላይ ነው። በዚያ መኸር አብራሪው ማለዳ ተነሥቶ መጣ፣ አስተናጋጇም መጣች፣ አውሮፕላኖቹም በረሩ። ሰን ካንትሪ ያንን ክረምት ተሻገረ። በ2011 የሚኒሶታው የዴቪስ ቤተሰብ በ34 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ሌላኛውን ገጽም ልንገራችሁ። በ2017 አዲስ አመራር መጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አፖሎ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ሊገዛው ተስማማ። ወጪ ይቀነስ ተባለ። ሚያዝያ 2018 ሚኒያፖሊስ ላይ ከባድ የበረዶ ውሽንፍር ወረደ። ከሜክሲኮ፣ ከሎስ ካቦስና ከማዛትላን፣ የወቅቱን የመጨረሻ በረራ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች ነበሩ። በረራው ተሰረዘ። ወቅቱ አብቅቷልና ሌላ አውሮፕላን አይመጣም፤ የቲኬታችሁን ገንዘብ እንመልሳለን፣ መምጫውን እናንተው ፈልጉ ተባሉ። አገሩ ሁሉ ተቆጣ። በሒሳብ ካየነው አንድ ባዶ አውሮፕላን ወደ ሜክሲኮ መላክ ውድ ነው። በእኔ ጥያቄ ካየነው ግን መልሱ ግልጽ ነው፤ ነፋሱ መጣ፣ ጭነቱም በጣም ደካማው ላይ፣ ማለትም ልጅ ይዞ አየር ማረፊያ ወለል ላይ በተቀመጠው ተሳፋሪ ላይ አረፈ።

ያው ድርጅት ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ አገኘ። ከ2020 ጀምሮ ለአማዞን የጭነት አውሮፕላን ማብረር ጀመረ። ወረርሽኙ ተሳፋሪውን ሲያጠፋ የዕቃ በረራው ቀጠለ፤ በበጋ ሰው፣ በሌላ ጊዜ ዕቃ፣ ያው አብራሪ። በመጋቢት 2021 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት፦ ሰውን ማስቀደም በጎ ልብ ብቻ አይደለም። ሥራ ሲጠፋ ሠራተኛህን ምን ላይ እንደምታሰማራው አስቀድመህ ካላሰብክ፣ በጎ ልብህ የስንብት ደብዳቤ ላይ ነው የሚያልቀው።

ከሚኒሶታ ወጥተን ሁለት ምሳሌ ብቻ እንጨምር። ሳውዝዌስት በ1971 ቴክሳስ ውስጥ በረራ ሲጀምር ትላልቆቹ በፍርድ ቤት ሊያንቁት ሞክረው ነበር። ገንዘብ ሲያጥረው ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ፤ ግን ያሉትን በረራዎች በሦስቱ ለመቀጠል አንድ አውሮፕላን አርፎ እስኪነሣ ያለውን ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አወረዱት። ይህ የሚሆነው አብራሪው ሻንጣ ሲያነሣ፣ አስተናጋጇ ወንበር ስታጸዳ ነው። ያንን ላብ ድርጅቱ አልረሳም፤ ቀደም ብሎ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ትርፍን ለሠራተኛ የማካፈል ደንብ አወጣ። ከሃምሳ ዓመት በላይ በጅምላ ሠራተኛ ሳይቀንስ ኖረና በ2025 ከቢሮ ሠራተኞቹ 15 በመቶውን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ባህል አንዴ ተገንብቶ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛው ፒፕል ኤክስፕረስ ነው፤ ስሙ ራሱ «ሕዝብ» ነው። በ1981 ከኒውዋርክ በረራ ጀመረ። ሠራተኛው ሁሉ አክሲዮን ይገዛል፣ አለቃና ምንዝር ብዙም አይለይም፣ አብራሪው የቢሮ ሥራ ይሠራል። ዓለም አደነቀው። ከዚያ በፍጥነት አደገ፤ በ1985 ፍሮንቲየርን ገዛ፤ ዕዳው አነቀውና በ1987 ኮንቲኔንታል ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የሠራተኛውም አክሲዮን ዋጋ አብሮ ወረደ። አክሲዮን መስጠት ማለት ትርፍን ብቻ ሳይሆን ኪሳራንም ማካፈል ነው። ስለዚህ የማደጉን ውሳኔ ብቻውን የሚወስን ሰው ካለ ሠራተኛው ባለቤት አይደለም፤ ዋስ ነው።

የራሳችንም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 ተቋቁሞ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ካይሮ ሲበር አብራሪዎቹም አስተዳዳሪዎቹም የቲ ደብሊው ኤ ሰዎች፣ አሜሪካኖች ነበሩ። ያኔ ከእኛ በላይ ደካማ ተወዳዳሪ ማን ነበር? ግን የራስን ሰው የማሠልጠን ሥራ ዓመት ከዓመት ሳይቋረጥ ሄደ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። መንግሥት ሲቀያየር፣ አብዮት ሲመጣ የቆመው በዚያ ሙያተኛ ነው። በ2020ም የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አውልቀው ዕቃ ጫኑባቸው፤ የያኔው ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም ቋሚ ሠራተኛ እንዳላሰናበቱ ተናግረዋል። «ቋሚ» የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉ። በየትኛውም ድርጅት ጊዜያዊ ሠራተኛው ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁንብን።

ወደ እኛ ልመለስ። አዲስ አበባ ስሠራ የነበረ አንድ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ግድግዳው ላይ «ሠራተኛችን ሀብታችን ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ክፍያ ሲዘገይበት ግን መጀመሪያ የሚቀረው የቀን ሠራተኛው ገንዘብ ነበር፤ ሲሚንቶ አቅራቢው አይቀርበትም። አሁን እዚህ ደግሞ በስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ሾፌሮች አሉን። «አጋሮቻችን» ይባላሉ። መኪናው የሾፌሩ፣ ነዳጁ የሾፌሩ፣ ኢንሹራንሱ የሾፌሩ፣ ገበያ የጠፋበት ሰዓትም የሾፌሩ ነው። በ2024 የሚኒሶታ ምክር ቤት በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 0.31 ዶላር ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ የወሰነው ሾፌሮች ለዓመታት ስለጮኹ ነው፤ አብዛኞቹም የእኛና የሶማሌ ወንድሞቻችን ናቸው። ያ ሕግ ከጭነቱ ጥቂቱን ወደ ላይ መለሰው። የቀረውን ግን ሕግ አያነሣልንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ስሙንና ቀለሙን ትተን እነዚህን እንነጋገር ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ገቢ በግማሽ የወረደ ወር መጀመሪያ የሚቀነሰው የማን ገንዘብ ነው? የሊቀመንበሩ ወይስ የማታ ፈረቃው?

ሁለተኛ፣ ሠራተኛ ክፍያውን ካቆየልን መቼና በምን ቅደም ተከተል ይመለስለታል? በቃል ሳይሆን በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። ኖርዝዌስትን የጣለው በክፉ ቀን የተወሰደ በደግ ቀን አለመመለሱ ነው።

ሦስተኛ፣ መኪና እንጨምር፣ ሌላ ከተማ እንግባ የሚለውን ማን ይወስናል? ዋስ የሚሆን ሁሉ ድምፅ ይኑረው።

አራተኛ፣ ገበያ ሲጠፋ ምን እንሠራለን? የትምህርት ቤት ልጆች፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ፣ ዕቃ ማድረስ፤ ከአሁኑ ይታሰብ።

አምስተኛ፣ የእኛ ተሳፋሪ በበረዶ ሌሊት መንገድ ላይ ቢቀር ማን ሄዶ ያመጣዋል? ወጪውስ ከየትኛው ሣጥን ይወጣል?

እነዚህን ከመለስን ባህሉ ተሠራ ማለት ነው፤ መፈክሩን ልጆቻችን ይጻፉልን። ካልመለስን ግን ያጨበጨብንበት ቃል ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ነፋስ ይልጠዋል።

የምትስማሙም የማትስማሙም ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ፤ በተለይ ኖርዝዌስት ወይም ሰን ካንትሪ ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁና አስተምሩን። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ የማትመጡ ወንድሞችና እህቶች ጥያቄያችሁን በሰው ላኩ። መንገዱ ያንሸራትታልና ቀስ ብላችሁ ንዱ። በሰላም ያግባችሁ።